ቀኑን የማያውቀው ስልክ

መስከረም 20

ለምወድሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የጉልበትሽ ሕመም ቀሎሽ፣ የስፌት ፋብሪካው አለቃ ቁጣው በርዶለት፣ እማዬም በደህና ተቀምጣ እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ እላለሁ እንጂ የፖስታ ሳጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ክፉ ወሬ እፈራለሁ። ፖስታው ላይ ያለውን የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ መጀመሪያ የማየው ፊደሎችሽ ተንቀጥቅጠው እንደሆነ ነው። ቀጥ ብለው ከቆሙ እማዬ ደህና ናት ማለት ነው ብዬ እከፍተዋለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ከጫማ መደብር ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰባት ሰዎች ተጣበን ለሞባይል ስልክ ፕሮግራም እንሠራለን። መሳቢያችን ውስጥ አርባ አንድ ዓይነት ስልክ አለ፤ አርባ አንዱም ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንዱ ላይ ያማረው ሌላው ላይ ቃሉ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። አንዱ ድምፅ አያወጣም፣ አንዱ ቁልፉን ስትጫኚው ድርቅ ይላል። የምንሠራው ነገር ሁሉ ደግሞ ስድሳ አራት ኪሎባይት ከምትባል ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት አለበት። ኪሎባይት ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ሠላሳ ገጽ ያላት ቀጭን ደብተር በያት። ከሠላሳ ገጽ አንድ መስመር ካለፈ ስልኩ አልቀበልም ይላል። አለቃችን ቀኑን ሙሉ «ቁረጥ፣ አይገባም፣ ቁረጥ» ስለሚል መቀስ ብለነዋል።

አሁን ለአንድ ክሊኒክ ክኒን የሚያስታውስ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል፣ በሽተኛው ይውጥና ቁልፍ ይጫናል፣ ስልኩ ይመዘግባል። ይህን ስሠራ የማስበው ስለ እማዬ ብቻ ነው። ሐኪሙ የልቧ ክኒን ሳምንት ከተቋረጠ ልቧ ይደክማል ብሏል፤ አንቺ ደግሞ ገና ሲነጋ ወደ ፋብሪካ ትወጫለሽ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አጠገቧ ማንም የለም። ለእሷ በእኛው ፊደል አንድ ልሠራላት አስቤአለሁ።

ችግሩ እነዚህ ስልኮች የእኛን ፊደል አያውቁም። እያንዳንዱን ፊደል በነጠብጣብ እንደ ሥዕል መሣል አለብኝ፤ አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ነጠብጣብ፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። ሞክሬ ነበር፤ የእኔ «ክ» የተሰበረ ወንበር ትመስላለች። አንቺ በሠራተኛ ልብስ ደረት ላይ ስም ስትጠልፊ ኖረሻል። በባለ ካሬ ወረቀት ላይ «ክኒን ውሰጂ»፣ «ተወስዷል»፣ «ቀን አስገቢ» የሚሉትን ፊደሎች አንድ አንድ ጊዜ ሠርተሽ ላኪልኝ። አሥራ አምስት ፊደል ናቸው።

ለእማዬ ሰላም በይልኝ።

የወንድምሽ ልጅ፣ ብሎን


ጥቅምት 17

ለብሎን፣

ጤናህ እንዴት ነው? ፈጣሪ ይመስገን፣ እኛ አለን። ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ፊደሎቼ ተንቀጥቅጠው ብታያቸው ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፣ ልብህን እንዳትጥል።

ፊደሎችህ ይኸውልህ። «ዷ» ግን ገደለችኝ። እግሯን በአሥራ ሁለት ካሬ ውስጥ አሳጥሬ ለማስገባት ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። አጠገቤ የምትሰፋዋ ሴትዮ «ደግሞ የማን ልብስ ነው?» ብትለኝ «የስልክ ልብስ» አልኳት፤ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ያላዘዝከኝን ስድስት ፊደል ጨምሬልሃለሁ፤ «ጎበዝ እማዬ» የሚሉትን። ሰው ክኒኑን ሲውጥ «ተወስዷል» ብሎ ዝም ማለት ምን ዓይነት ሥነ ሥርዓት ነው? የመጋዘን ጠባቂ መሰለኝ። እናትህ አርባ ዓመት ሙሉ የአንደኛ ክፍል ልጆች ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ስትጽፍ ኖራለች፤ ለእሷ ግን ማንም ጽፎላት አያውቅም። አንተ ጻፍላት።

እሷ ደህና ናት። ትናንት ስለዚያ ስለተሰበረው ሬዲዮ አንስታ አጫወተችኝ። ድመቷ ከመደርደሪያው እንዴት እንደጣለችው፣ ሆዱ ተዘርግፎ እንዴት እንዳገኘችው፣ አንድ በአንድ። ሃያ ዓመት ሆነው፣ ድመቷም ሞታለች፣ እናትህ ግን ዛሬም አልማረቻትም። የዚያን ጊዜውን እንዲህ ቁልጭ አድርጋ ታስታውሳለች፤ የትናንቱን ግን... የትናንቱንማ ማን ያስታውሳል? እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልግ እውላለሁ።

ሰው ካገኘህ የማሽን መርፌ ላክልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ቶሎ ይሰበራል።

አክስትህ


ኅዳር 12

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህች ትንሽ ዕቃ ጋር በደህና እንዲደርስሽ አደራ ብያለሁ። ዕቃውን የምታመጣልሽ ወደዚያ ለዕረፍት የምትሄድ ነርስ ናት። ስልኩ፣ ቻርጀሩና ሁለት ጥቅል የማሽን መርፌ አለው። ስልኩ ሲም ካርድ ስለሌለው አይደወልበትም፤ ለክኒኑ ብቻ ነው።

ፊደሎችሽ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ብታያቸው! የእማዬ መጋረጃ ላይ የጠለፍሻቸው መሰሉኝ። ሥራው ግን እንደ ፊደሎቹ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሃያ አንዱም ፊደል ሲገባ ፕሮግራሙ ከስድሳ አራቱ አለፈ። መቀስ አይቶ «ቁረጥ» አለኝ። የሚቆረጥ ፈልጌ ጠፋኝ። በመጨረሻ ቀን የሚጠይቀውን ገጽ «ቀን አስገቢ» ከሚለው ጋር አወጣሁትና «ጎበዝ እማዬ» የሚለውን አስገባሁ። ቀኑን እዚሁ ሞልቼ ስለምልከው ችግር የለውም። ስልኩ ክኒን መወሰዱን በቀኑ ይመዘግባል፤ የዛሬው ከተመዘገበ ሁለተኛ እንዳትወስድ ዝም ብሎ «ተወስዷል» ይላል።

አጠቃቀሙ ይህ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጮሃል። ክኒኗን ትውጣለች፣ መሃል ላይ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለች፣ «ጎበዝ እማዬ» ይላታል፣ በቃ። ቁልፏን በተጫነች ቁጥር ይህንኑ ይደግምላታል። ባትሪውን አደራ፤ በደንብ ቆጥቢው፤ ካለቀ ላይጮህ ይችላል።

ስለ ትናንቱ ጀምረሽ ተውሽው። አልጠይቅሽም። ግን ደብዳቤሽን አራት ጊዜ ካነበብኩ በኋላም እዚያች ነጠብጣብ ላይ ስደርስ አላልፍም።

ለእማዬ ሰላም በይልኝ። ስልኩን ልጅሽ ሠርቶ ላከልሽ በያት።

ብሎን


ታኅሣሥ 22

ለብሎን፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ ከመጣ ወዲህ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ነርሷ ታኅሣሥ 2 ቀን ቤታችን ድረስ መጥታ ዕቃውን ሰጠችን። መርፌው ግሩም ነው።

ስልክህማ ተአምር ነው! የመጣ ዕለት ስልሳ ክኒን ቆጥሬ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩና ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩላት። ባትሪውን እንዳልከኝ በደንብ እየቆጠብኩት ነው። ፋብሪካችን ግድግዳ ላይ «ማሽን ሥራ ሲያበቃ ከኃይል ይነቀል» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ አለ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እሱን እያየሁ ኖሬ ለአንተ ስልክ አልሰንፍም። ከሥራ ስመለስ ባትሪውን አወጣና በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። ጠዋት ስወጣ መልሼ እከተዋለሁ፤ ስልኩ ሰዓት ይጠይቀኛል፣ ከሬዲዮው ጋር አስተያይቼ እሞላለታለሁ። ቻርጅ ያደረግኩት እስካሁን አንዴ ብቻ ነው። አየህ ቁጠባ!

መጀመሪያ ሁለት ቀን ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል አሉኝ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ጨዋ ሆኗል፣ መጮኹንም ትቷል። ዝም ብሎ «ተወስዷል» ይላል፤ እናትህም አንብባ ደስ ብሏት ትቀመጣለች። እኔም ከፋብሪካ ሆኜ «ዋጠች ይሆን?» እያልኩ ጣቴን በመርፌ መውጋቴን ትቻለሁ።

እግሯ ትንሽ አብጧል፤ ብርዱ ነው። ካልሲ ገዝቼላታለሁ።

አሁን መርፌ አልፈልግም። ይልቅ ፎቶህን ላክ፤ የቅርብ ጊዜ የሆነ፣ ፊትህ ተለቅ ብሎ የሚታይበት። ለእናትህ ላሳያት።

አክስትህ


ጥር 9

አክስቴ፣

ሰላምታ ለማሳመር ጊዜ የለኝም፣ ይቅር በይኝ። ይህን ስታነቢ የቆምሽበትን ቦታ ትተሽ ወደ ቤት ሂጂና ለእማዬ ክኒኗን በእጅሽ ስጫት። ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰጃት። ከዚያ የቀረውን ታነቢያለሽ።

ስልኩ ውሸታም ነው። ባትሪው ሲወጣ ቀኑ ይጠፋዋል። ሲገባለት ሰዓት ይጠይቃል፣ ቀን ግን አይጠይቅም፤ ከተሠራበት ፋብሪካ የወጣበትን ቀን ይይዝና እሱን ዛሬ ይለዋል። ለእሱ በየጠዋቱ ያው አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ክኒን መወሰዱን አንዴ ስለመዘገበ እስከ ዕድሜው ልክ «ተወስዷል» እያለ ይኖራል። ጨዋ ሆነ ያልሽኝ ያኔ ነው። ቀኑን የሚጠይቀውን ገጽ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ባትሪውን ቆጥቢ ያልኩሽም እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ደረጃው ላይ ቆሜ ነው። «መጮኹንም ትቷል» የሚለው ላይ ስደርስ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አምስት ቀን ይሆናል። እግሯ አብጧል ትይኛለሽ። አክስቴ፣ ብርድ አይደለም።

ሰፈራችሁ ያለው ፋርማሲ ስልክ ደወልኩ፤ መንገድ ሠሪዎቹ ገመዱን ቆርጠውታል አሉኝ። ፋብሪካችሁ ደወልኩ፤ ዘበኛው «ሠራተኛ በሥራ ሰዓት አይጠራም» አለኝ። ለመንኩት፤ «ስልኩን አትመኚው፣ ክኒኑን በእጅሽ ስጪ ብሏል» ብለህ ንገርልኝ አልኩት። እሺ፣ ጻፍኩት አለ። መጻፉን በምን አውቃለሁ?

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።


ጥር 20

አክስቴ፣

እንደምን ነሽ ማለት አልቻልኩም፤ መልሱን እፈራለሁ። ከአንቺ ምንም አልመጣም። ፖስተኛው በመንገድ ላይ ሲያልፍ ከመስኮቱ እሸሻለሁ፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ለምን አልሰጠኝም ብዬ እበግናለሁ።

ለመቀስ ስህተቱን ነገርኩት። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ወር ክሊኒኩ ውስጥ ለሦስት መቶ በሽተኛ ሊሰጥ ነው። «ደግሞ ማን ነው በየቀኑ ባትሪ የሚነቅል?» አለኝ። «አክስቴ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት። እናትህስ አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ዘበኛው ያለው «እሺ» ጆሮዬ ውስጥ አለ። መልካም እሺ ይሁን የሰለቸው እሺ፣ መለየት አቃተኝ። ሌላ አሥር ጊዜ ደውያለሁ፤ የሚያነሳው የለም።

ፎቶውን ልኬዋለሁ። ምንም ሆነ ምን ጻፊልኝ። ምንም ቢሆን።


ጥር 25

ለብሎን፣

አስቀድሜ ልንገርህ፦ እናትህ በሕይወት አለች። ተቀመጥ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ፣ ከዚያ አንብብ።

ዘበኛው መልእክትህን በደንብ አድርጎ ጽፎት ነበር። ጽፎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተውና ዘጠኝ ቀን ይዞት ዞረ። ጥር 18 ቀን ክብሪት ሲፈልግ አገኘው። ወረቀቷን ሲሰጠኝ ማሽኑን ሳላጠፋ፣ ሳልነቅል፣ እግሬ አውጪኝ አልኩ። የጥር 9ኙ ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ነው።

አልጋዋ ላይ አገኘኋት። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ። ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኛን። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አለኝ፤ የቀረውን አልሰማሁትም። ትናንት ቤት ገባን። ክኒኗን አሁን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጎልናል፤ ከመውጣቴ በፊት በእጄ አስውጣታለሁ፣ አፏን ከፍታ ታሳየኛለች።

እንግዲህ የምነግርህ ሌላ ነገር ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ልተወው ልተወው ብዬ አቃተኝ። ሰዓቱን ነው፣ ቀኑን ነው፣ ባትሪውን ነው እያልክ ራስህን ትበላለህ። እኔም ያን ያህል ተቃጥያለሁ፤ ባትሪውን የነቀልኩት እኔ፣ ካልሲ የገዛሁት እኔ። ግን ከሆስፒታል ስንመለስ ቆርቆሮውን ከፍቼ ክኒኑን ቆጠርኩት። ስልሳ ጨምሬ ነበር። ስልሳ ነው ያለው። ገብቶሃል? ስልኩ በጮኸባቸው በሁለቱ ቀናትም አልወሰደችም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ቀርቼ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ስልኩን አነሳች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ «ጎበዝ እማዬ» ሲል አነበበችና ፈገግ አለች። ጠበቀች። እንደገና ተጫነች። እንደገና አነበበች። ገብቼ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት «ልጄ እየጻፈልኝ ነው» አለችኝ። ክኒኑ ትዝም አላላት።

እያወቅሁ ደብቄህ ነበር። መርሳት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። አንዳንድ ቀን ስሜን ታውቃለች፣ አንዳንድ ቀን ጎረቤት መስላት አመሰግናለሁ እያለች ምግብ ትቀበለኛለች። ፎቶህን የጠየቅሁህ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ። አንተም ጠርጥረህ ነበር፤ እኔ ዳር ዳር ስል አንተም አብረኸኝ ዳር ዳር አልክ። ፈርተህ ነው፤ አልፈርድብህም። ግን አራት ዓመት ስትጽፍ ሁሉም ደብዳቤ ለእኔ ነው። «ለእማዬ ሰላም በይልኝ» ትላለህ። እሷ ፖስታውን አንስታ «ይህ ለማን ነው?» ስትለኝ «ለእኔ ነው» እላታለሁ። ከአንተ ለእሷ የተጻፈ ቃል ቢኖር ያች ስልክ ላይ ያለችው ብቻ ናት።

መርፌም ፎቶም አልፈልግም። ለእሷ ጻፍላት።

አክስትህ


የካቲት 14

አክስቴ ሆይ፣ እጅሽን ስሜአለሁ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ አርባ አንዱን ስልክ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳይ ዋልኩ። ሁሉም ቁልፍ መጫኑን ያውቃሉ፤ መዋጡን የሚያውቅ የለም። ከመቀስ ጋር ክሊኒኩ ሄደን ይህንኑ ነገርናቸው። ቀን የሚጠይቀው ገጽ ተመልሷል፤ ዋናዋ ነርስ ግን አጠገቡ ሰው ለሌለው በሽተኛ ስልኩን አልሰጥም ብላለች። መቀስ አልተከራከራትም።

ስልኩን ከእማዬ አትውሰጂባት። ባትሪውንም አትንቀይ፤ ቻርጅ እያደረግሽ ተይላት፣ እንደፈለገች ትጫን። ለክኒኑ ግን ከዚህ ጋር ሠላሳ ወረቀት ልኬልሻለሁ፤ እያንዳንዱ ታጥፎ ላዩ ላይ ቁጥር አለው። ጠዋት ክኒኗን ስትውጥ፣ አፏን ከፍታ ካሳየችሽ በኋላ፣ አንዱን ስጫት። ቀድመሽ እንዳትሰጪ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ፈቃድ ስለወሰድኩ ሠላሳውን ሳትጨርሱ እደርሳለሁ። ስደርስ ማን ነህ ብትለኝ ምን እንደምል አላውቅም፤ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው። ብፈራም እመጣለሁ።

አንደኛውን ግን አላጠፍኩትም፤ አንቺም አንብቢው።

*1*

እማዬ፣

ዋጥሽ? ጎበዝ።

ይህን የምጽፍልሽ በእጄ ነው፤ ስልክ አይደለም። ልጅሽ ነኝ። ፊደል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ከተበላሸ በቀይ አርሚው። ካልታወስኩሽም ግድ የለም፣ እንደ አዲስ ተማሪ ቁጠሪኝ፤ የምነግርሽ ግን አንድ ነገር አለ፣ ሃያ ዓመት ፈርቼ ያልነገርኩሽ።

ሬዲዮውን ፈትቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብሎኖቹ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ድመቷን ማሪያት።